የነቀዝ ኪኒን ለመረዘው ሕመምተኛ አንቲኦክሲዳንት መደበኛ ሕክምና ይሁን?

የመድኃኒት ባለሙያ (አራዳ)፦ የጎንደር ድንገተኛ ክፍሎች የነቀዝ ኪኒን ለመረዘው ሕመምተኛ ሁሉ ኤን-አሴቲልሲስቴይን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት ሊሰጡ ይገባል ያልሁት እኔ ስለሆንሁ ምክንያቴን ላስረዳ። በኪኒኑ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ሕዋሳት በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩበትን መንገድ ዘግቶ ከሁሉ በላይ ልብን ይጎዳል። ማርከሻ የለውም። ኤን-አሴቲልሲስቴይን ደግሞ ግሉታታዮን የተባለውን የሰውነት መከላከያ የሚተካ፣ በፓራሲታሞል መመረዝ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መድኃኒት ነው። እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ኅሊናዬ አይቀበለውም።

ነርስ (ድንገተኛ ክፍል)፦ ወንድሜ፣ ቅንነትዎን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይረዳል ተብሎ መታሰቡና ሕይወት ማትረፉ አንድ አይደሉም። ኦርጋኖፎስፌት የተባለው ሌላ ዓይነት የፀረ-ተባይ መርዝ የያዘውን የነርቭ ኢንዛይም እንደሚያስለቅቅ የሚታወቀው ፕራሊዶክሲም የተባለ ማርከሻ እንኳ በስሪላንካ በ235 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ሞት መቀነሱን አላሳየም። የእርስዎ መድኃኒት በህንድና በኢራን የተሞከረባቸው ጥናቶች አነስተኛ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። በባንግላዴሽ ግን የኦርጋኖፎስፌት ዋና ማርከሻ የሆነው አትሮፒን መጠኑ በፍጥነት እየጨመረ ሲሰጥ በዚሁ መርዝ የሚሞተው ከ22.5 ወደ 8 በመቶ ዝቅ ብሏል። ከመተማ የመጣ አንድ ፀረ-ተባይ ረጪ ሠራተኛ ትዝ ይለኛል፤ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሎ፣ ላቡ አንሶላውን አርሶት፣ የተሰበሩት የአትሮፒን አምፑሎች ትሪውን ሞልተውት እንኳ ደረቱ ገና ያንኮራኩር ነበር። ከሌላ ክፍል ተበድረን አደርን። ቤተሰብ «መርዝ ነው» ብቻ ብሎ ሲያመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛው መርዝ መሆኑ ነው።

አስታማሚ የነበርሁ (ደምቢያ)፦ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። የአክስቴ ቤተሰብ እህሉን በሚተኙበት ክፍል አከማችተው ኪኒኑን በጆንያዎቹ መካከል ስላስቀመጡት ሌሊቱን ጋዙን ሲተነፍሱ አደሩ፤ በሕፃኑ ላይ ባሰበት። በወሰድነው ሆስፒታል የዚህን መድኃኒት ስም ጽፈው ሰጡኝ። ከፋርማሲ ፋርማሲ ስዞር ወረቀቱ በላቤ ርሶ ጽሑፉ ደበዘዘ፤ በአራተኛው አግኝቼ ስመለስ ልጁ አርፎ ነበር። ያተርፈው ነበር ብዬ አልከራከርም። እርግጠኛ ያልሆኑበትን መድኃኒት እርግጠኛ እንደሆኑ አስመስለው እኔን ከአልጋው አጠገብ ማራቃቸው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመድኃኒት ባለሙያ (አራዳ)፦ እግዚአብሔር ያጽናናዎት፣ ወንድሜ። ይህን ካነበብሁ በኋላ «መደበኛ» የሚለውን ቃል ትቻለሁ። የምጠይቀው ሆስፒታሎች መድኃኒቱን ራሳቸው ገዝተው እንዲያስቀምጡ፣ መርዙ ፎስፋይድ መሆኑ ሲታወቅ ብቻ፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚደረገው እርዳታ ሳይዘገይ እንዲሰጡ፣ የእያንዳንዱንም ሕመምተኛ ውጤት እንዲመዘግቡ ነው። አስታማሚ ፍለጋ አይላክ።

ነርስ (ድንገተኛ ክፍል)፦ ከአትሮፒን በጀት ካልተቀነሰ በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም ስሪላንካ በፀረ-ተባይ የሚሞተውን ሰው እጅግ የቀነሰችው በአዲስ ማርከሻ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አደገኛ የሆኑትን እየለየች በማገዷ ነው። እኛም የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለን። የደምቢያው ወንድሜ፣ ካልከበደዎት ልጠይቅዎ፤ ያ ኪኒን ከየት ተገዛ? አብሮት የተሰጠ ማስጠንቀቂያስ ነበረ?

አስታማሚ የነበርሁ (ደምቢያ)፦ ከገበያ ነው፣ በፍሬ ተቆጥሮ። የተጠቀለለው ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ የሒሳብ የቤት ሥራ ብቻ ነው።