ታብሌት ላይ የሚገጠም ካሜራ የሞከረ አለ? ፊደሌ ተገልብጦብኛል

የፊደል መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ቅዳሜ ማታ ማታ ዲሲ አካባቢ ላሉ ስድስት ልጆች በዙም ፊደል አስተምራለሁ። ስጽፍ እጄንና ደብተሬን እንዲያዩ ብዬ ትንሽ መስታወት ገዛሁ። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ታብሌቱን አናቱ ላይ ነክሶ ይይዝና የፊቱን ካሜራ ወደ ጠረጴዛው ያሳየዋል። እኔ ጋ አሪፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልጆቹን "ቡ"ን ጽፋችሁ አሳዩኝ ስላቸው ስድስቱም ያቺን ትንሽ ሰረዝ በግራ በኩል አድርገዋት ቁጭ! አንዷ እናት "አንቺው ነሽ እኮ እንደዚያ የጻፍሽላቸው" አለችኝ። ስክሪኔን አየሁ፣ ልክ ነው። ደብተሬን አየሁ፣ ልክ ነው። አሁን መስታወቱን ትቼ በገመድ የሚሰካ ካሜራ ልገዛ ነው። ያለኝ 9ኛው አይፓድ ነው። የትኛው ይሻላል?

ገመድ ሰብሳቢው፦
መምህርት፣ ከመግዛትዎ በፊት የቻርጀሩን ቀዳዳ ይዩት። የእርስዎ፣ ማለትም የ2021ዱ፣ ላይትኒንግ የሚባለው የድሮው የአፕል ቀዳዳ ነው። አይፓድ የውጭ ዌብካም መቀበል የጀመረው በ2023 ከመጣው ሲስተሙ፣ ከአይፓድኦኤስ 17 ወዲህ ነው፣ እሱም ታይፕ-ሲ ላላቸው ብቻ። ሲስተሙን ቢያድሱትም ካሜራውን አይቀበልም። ሻጭ "በአዳፕተር ይሰራል" ቢልዎት አይስሙት። ያ አዳፕተር ከዲጂታል ካሜራ ፎቶ ወደ አይፓዱ ለማስገባት ነው እንጂ ቀጥታ ምስል ወደ ዙም አያሳልፍም።

መስታወቱ እንዲህ ነው የሸወደዎት፦ ዙም የራስዎን ምስል ለራስዎ የሚያሳየው ገልብጦ ነው፣ ለሌሎቹ ግን ካሜራው ያየውን እንዳለ ይልካል፣ ካሜራው ደግሞ ያየው መስታወት ውስጥ ያለውን ፊደል ነው። እርስዎ ጋ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ቀና ሆነ፣ እነሱ ጋ አንዴ ብቻ ተገልብጦ ደረሰ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው መገልበጡን ቢያጠፉትም የሚለወጠው የእርስዎ ስክሪን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መስታወት እንደ ኦስሞ ላሉ፣ ምስሉን ራሳቸው ለሚያቃኑ የልጆች ጨዋታዎች ነው የሚሆነው።

ባለ አንድሮይድ፦
ታይፕ-ሲ ስላለው ብቻም አትመኑ። እኔ አንድሮይድ ታብሌቴ ላይ ዌብካም ሰክቼ፣ የዩኤስቢ ካሜራ አፕ አውርጄ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ደስ አለኝ። ዙምን ስከፍት ግን የገጠምኩትን ካሜራ ጭራሽ አያውቀውም። አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ አሮጌ ስልክ የለሽም? እሱን በሌላ ስም ወደዚያው ክፍል አስገቢው፣ የኋላ ካሜራውን ክፈቺ፣ በቃ። ፊትሽ ታብሌቱ ላይ፣ እጅሽ ስልኩ ላይ። ስትገቢ ግን የስልኩን ድምፅ ጨርሶ አታገናኚው። ሚውት ብቻ ካደረግሽው ስፒከሩ ያወራና ታብሌትሽ መልሶ ይሰማዋል፣ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ነው። እኔ ስልኩን የምደግፈው በመጽሐፍ ክምር ነው፣ ሌንሱ ከዳር ትንሽ ወጣ ብሎ ቁልቁል እንዲያይ። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኚበት! የኔው ትምህርት መሃል ቡና ስኒ ውስጥ ተዘፍቋል። በቀኝሽ የምትጽፊ ከሆነ መብራቱ ከግራ ይምጣ፣ አለዚያ የእጅሽ ጥላ ፊደሉን ይውጠዋል።

የፊደል መምህርት፦
አሁን ከጓደኛዬ ጋ ሞከርኩት። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነበረኝ፣ ካሜራው ደህና ነው። "ቡ" ቀና ብላ ታየች! ለቅዳሜ ካዕብን በሙሉ እንደገና እጀምራለሁ፣ ልጆቹን ምን ብዬ እንደማስረዳቸው እንጃ። መስታወቱን ልጄ ለቅንድቧ ወስዳዋለች።