የመጀመሪያው ደጋኔ ተሰበረ፤ ሁለተኛውን እንዴት ላትርፈው?

ጀማሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በእጅ መሣሪያ ብቻ ደጋን ለመሥራት ከተነሣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። የመጀመሪያው ባለፈው ሳምንት እጄ ላይ ተሰበረ። ከኦክ ጣውላ የሠራሁት ነበር፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ስፋቱ እጀታው አጠገብ 4.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ጫፎቹ እየጠበበ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አውታር አስሬ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስስበው እንደ ጥይት ጮኸና የላይኛው ክንፍ ለሁለት ተከፈለ። ስብራቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይደለም፤ ሰያፍ ሆኖ አንድ ስንዝር ያህል የተሰነጠቀ ነው። ቁራጩ ጆሮዬን አልፎ ግድግዳውን መታ።

ሁለተኛውን ከሌላ ጣውላ በተመሳሳይ ልክ ጀምሬያለሁ። አሁን ደግሞ የታችኛው ክንፍ እጀታው አጠገብ በምትገኝ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ የላይኛው እንደ ዱላ ደርቆ ቆሟል። ፊተኛው ለምን ተሰበረ? ይህኛውስ ይተርፋል? ቤት ውስጥ ያለኝ የናይለን ገመድ ለአውታር ይበቃል? ጀርባው ላይ ጨርቅ በኮላ መለጠፍ ከስብራት ያድናል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው?

ሞረድ

ስብራቱ ሰያፍ ነው ስትል ግማሹን መልስ ራስህ ሰጥተሃል። ደጋን ሲሳብ ጀርባው፣ ማለትም ወደ ዒላማው የሚዞረው ፊት፣ ይወጠራል፤ ወደ አንተ የሚዞረው ሆዱ ይጨመቃል። የጀርባው ቃጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ከሄደ ውጥረቱን ይችለዋል። መጋዝ ግን ቃጫ አይከተልም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዛፉ ትንሽ ጠመም ብሎ ያደገ ከሆነ ቃጫው በጣውላው ፊት ላይ ሰያፍ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ቦታ ላይ ውጥረቱን የሚሸከም ሙሉ ቃጫ የለም፤ ያለው አንዱ ቃጫ ከሌላው ጋር የተጣበቀበት ኃይል ብቻ ነው፤ እርሱም ደካማ ነው።

ሁለቱን ቁራጮች አንሣና ስብራቱን ከጭረቶቹ ጋር አስተያይ። ስብራቱ ጭረቱን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የእጅህ ሳይሆን የጣውላ ምርጫህ ነው። ለወደፊቱ ፊቱን ብቻ አይተህ አትግዛ፤ ጎኑንም አገላብጥ። በሁለቱም ላይ ጭረቶቹ ከአንዱ ጫፍ ተነሥተው መንገድ ላይ ሳይወጡ ሌላው ጫፍ መድረስ አለባቸው። አንድ ጊዜ ከ40 በላይ ጣውላ አገላብጬ ባዶ እጄን ወጥቻለሁ። ባለ መጋዘኑ ደስ አላለውም።

ግንድ የማግኘት ዕድል ካለህ በመጋዝ አትሰንጥቀው፤ በሽብልቅ ፍለጠው። ሽብልቅ ቃጫውን ተከትሎ ነው የሚፈልጠው። ከዚያ ቅርፊቱን ልጠህ የመጨረሻውን አንድ የዕድሜ ቀለበት ጀርባ ታደርገዋለህ፤ ያንን ቀለበት የትም ቦታ ላይ አታቋርጠውም። ጫፎቹን ወዲያው ኮላ ወይም ቀለም ቀባ፤ አለበለዚያ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ችግሩ መጠበቁ ነው፤ ፍልጡ ለመድረቅ ወራት ይፈልጋል። የደረቀ መሆኑን የምታውቀው በየሳምንቱ በሚዛን ስትመዝነው ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ነው።

ችኩል

እኔ ብሆን ቀላሉን መንገድ እይዛለሁ። ከሁለቱም ጫፍ 10፣ 10 ሴንቲ ሜትር ቁረጥ፤ ደጋኑ ያጥራል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። የማይታጠፈውን ክንፍ ደግሞ እንደ ሌላው እጀታው አጠገብ ቀጭን አድርገው፤ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ሞረድ

ጀማሪ፣ ይህን ምክር እለፈው። አንድ ማጠፊያ ያለበትን ደጋን ሁለት ማጠፊያ ያለው ታደርገዋለህ። ማሳጠሩ ደግሞ ያንኑ ጉብጠት በአጭር እንጨት ላይ ይጭንበታል። ለመጀመሪያ ሥራ ርዝመት ወዳጅ ነው። እጄ የሚስበው 70 ሴንቲ ሜትር ነው ካልህ፣ የሚታጠፈው ክፍል ብቻ ከዚያ እጥፍ ማነስ የለበትም፤ የማይታጠፈው እጀታ ከነትከሻው (ወደ ክንፉ እየሳሳ ከሚሄደው ክፍል ጋር) 20 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ 1 ሜትር ከ60 ዝቅተኛው ነው፤ 1 ሜትር ከ80 ስህተትህን ይሸከምልሃል።

በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው የያዘው ደጋን 1 ሜትር ከ82 ነበር፤ የሰውየው ቁመት ግን 1 ሜትር ከ60 ገደማ። ደጋኑ ተጠርቦ ያላለቀ ነው። ስለዚህ በመዘግየትህ አትፈር።

አሮጌ አናጢ

ልጄ፣ ደጋን ማለትህ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ብዙ ሰው ቀስት የሚለው የሚወረወረውን ነው፤ ቀስተ ደመናን ግን የሚወረወር ነገር ነው ያለ እስካሁን አልገጠመኝም።

ወደ ሥራው እንምጣ። ያቺን የምትታጠፍ ቦታ በእርሳስ ክበባት፤ ከዛሬ ጀምሮ ምንም ብረት አይንካት። የሳሳን እንጨት መልሰህ አታወፍረውም፤ ሌላውን ሁሉ ወደ እርሷ ታወርዳለህ እንጂ። ስለዚህ የታችኛውን ክንፍ ከክቡ ማዶ እስከ ጫፉ ድረስ፣ የላይኛውን ደግሞ ከትከሻው እስከ ጫፉ ትፍቃለህ። ሆዱን ብቻ። ጀርባውን ለማሳመር እንኳ አትድረስበት፤ የጀርባውን ሁለት ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት ማለዘብ ብቻ ይበቃል፤ ስል ጠርዝ የስንጥቅ መነሻ ነው።

መላጊያና ሞረድ ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ አስቀምጣቸው። ከዚህ በኋላ የቢላ ስለት ወይም ቀጭን ብረት በሁለት እጅህ ቀጥ አድርገህ ይዘህ እንደ አቧራ የረቀቀ ፍቅፋቂ ታወጣለህ። አሥር ጊዜ ያህል ከፋቅህ በኋላ ደጋኑን ሠላሳ ጊዜ በጥቂቱ እየሳብህ መልሰው። እንጨት ዛሬ የፋቅህለትን ወዲያው አያሳይህም፤ ካላለማመድኸው ያልተለወጠ መስሎህ ደግመህ ትፍቃለህ፤ በማግስቱ አልፈኸው ታገኘዋለህ። እኔ ይህን ለመማር ሦስት ደጋን ማገዶ አድርጌያለሁ።

ዓይንህን ብቻ አትመን። 15 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጥ ያለች እንጨት መሐሏን ብሳና እርሳስ አስገባባት። ደጋኑ ታጥፎ ሳለ በሆዱ ላይ አስቀምጣት፤ የእርሳሱን ጫፍ በጣም በታጠፈው ቦታ ላይ ለጥቂት እስኪስት ድረስ አውጥተህ አጥብቀው። ከዚያ ከትከሻ እስከ ጫፍ አንሸራትታት። እርሳሱ የጻፈበት ሁሉ ያልታጠፈ ነውና ፋቀው፤ ያልጻፈበትን ተወው።

አሁን ደግሞ ስለ መሳቡ። በእጅህ እየሳብህ መስታወት ውስጥ አትይ፤ የፊተኛው ቁራጭ ጆሮህን አልፎ ነው የሄደው። እጀታውን ግድግዳ ላይ በጠንካራ ድጋፍ አሳርፈው፤ ከአውታሩ ገመድ አውርደህ ከታች በመዘውር (ፑሊ) አዙረውና ሦስት ሜትር ራቅ ብለህ ሳብ። ሁለቱን ክንፎች ከሩቅ በአንድ ጊዜ ታያቸዋለህ። ገመዱ ላይ የመንጠቆ ሚዛን አንጠልጥልበት። የምትፈልገው ደጋን ሙሉ ሲሳብ 18 ኪሎ የሚጎትት ከሆነ፣ ሚዛኑ 18 ባለበት ቅጽበት አቁም፤ የተሳበው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም። ከዚያ በላይ ከጎተትኸው ያቺ የሳሳች ቦታ ሆዷ ውስጥ ያለው እንጨት ይደቃል፤ አውታሩን ብታወልቀውም ጎብጣ ትቀራለች። ክንፎቹ እኩል እስኪታጠፉ ድረስ ርዝመቱን አትጨምር። አውታሩንም መጀመሪያ ዝቅ አድርገህ፣ ከእጀታው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ እሰረው፤ እኩል ሲሆኑ ወደ 15 ከፍ ታደርገዋለህ።

ሒሳቡ ይቅደም

ጋሼ «እንደ አቧራ» ያሉትን በቁጥር ላስረዳ፤ ለእኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የክንፍ ግትርነት ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ይሄዳል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ። ስፋቱን ከ40 ወደ 36 ሚሊ ሜትር ብትቀንስ 10 በመቶ ታጣለህ። ውፍረቱን ከ12 ወደ 11 ሚሊ ሜትር ብታወርድ ግን 23 በመቶ ይሄዳል! ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ 6 በመቶ ነው። ሞረድ በሁለት ምልልስ ያንን ያወርዳል።

ስለዚህ የውፍረት መለኪያ ካለህ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ለካና እንጨቱ ላይ ጻፈው። ማጠፊያዋ ቦታ ላይ ምን ያህል ነው?

ጀማሪ

አሁን ለካሁት። ማጠፊያዋ 10 ሚሊ ሜትር፣ ግራና ቀኟ 12፤ የላይኛው ክንፍ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታ 13 ነው። አሁን ገባኝ።

ሒሳቡ ይቅደም

10 ከ12 ጋር ሲነጻጸር 58 በመቶ ግትርነት ነው፤ እጅህ ላይ ያለው ማጠፊያ ይኸው ነው። ደጋኑ ይተርፋል፤ 20 ኪሎ አስበህ ከነበረ ወደ 13 ወይም 14 ኪሎ ሊወርድ ይችላልና ከአሁኑ ሐሳብህን አስተካክል።

ቀጭን ክር

አውታሩን ለእኔ ተዉልኝ። ወንድሜ፣ ናይለኑን ልብስ ስጣበት። ናይለን ይለጠጣል፤ ስትስብ የጉልበትህ ከፊሉ ገመዱን ለመለጠጥ ይሄዳል፤ ከጥቂት ውርወራ በኋላም አውታሩ ይላላና ከእጀታው ያለው ርቀት ይለወጣል። ክንፎቹ እኩል መሆናቸውን የምትለካበት ነገር ራሱ ካልተረጋጋ መለኪያ አይደለም።

ዳክሮን የሚባለው የፖሊስተር ክር ለእንጨት ደጋን ተስማሚ ነው፤ ጥቂት ስለሚሰጥ ጫፎቹን አያስጨንቅም። እርሱ ካልተገኘ ጠንካራ የተልባ እግር ክር በሰም እያሸህ ግመደው። ልኩን እንዲህ አውጣ፦ አንዱን ነጠላ ክር በሚዛን ሰቅለህ በስንት ኪሎ እንደሚበጠስ እይ፤ የክሮቹ ድምር ደጋኑን ሙሉ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኪሎ አራት እጥፍ ይሁን። አንድ ክር 10 ኪሎ ከቻለ ለ15 ኪሎ ደጋን ስድስት ይበቃል ማለት ነው፤ እኔ ግን ፍላጻው በደንብ እንዲይዝ ስምንት አደርጋለሁ። እጅግ የማይለጠጡት ዘመናዊ ክሮች ያልተጠናከረ የእንጨት ጫፍ ውስጥ ሊቆርጡ ስለሚችሉ ለጊዜው እለፋቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ስላላነሣው፦ ፍላጻ ሳይኖርበት ስበህ አትልቀቅ። ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የነበረው ጉልበት ወደ ክንፎቹ ይመለሳል። የሠሩትን ለጓደኛ ሲያሳዩ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ በባዶው የሚለቅ አይጠፋም። የእኔ የሄደው እንዲያ ነው።

ሞረድ

ጨርቁን በተመለከተ፦ ስስ የተልባ እግር ጨርቅ ወይም ጥሬ ቆዳ በጥሩ ኮላ ሙሉ ጀርባው ላይ ከተለጠፈ የሚነሡ ስንጥሮችን ይይዛል፤ ቢሰበርም ቁራጩ እንዳይበር ያግዛል። ቃጫው ሰያፍ ሆኖ የወጣን ጣውላ ግን ጨርቅ አያድነውም። የምትለጥፍ ከሆነ አውታሩን አውልቀህ፣ ደጋኑ ጭነት ሳይኖርበት ለጥፍ፤ ኮላው በደንብ እስኪደርቅም ጠብቅ።

አሮጌ አናጢ

እኔ እጨምርበታለሁ እንጂ አልቃወምም፤ ቢሆንም ለጀማሪ ጨርቅ ልብ ያሳብጣል። ጥሩ ጣውላ ይዘህ ያለ ጨርቅ ተማር። አንዳንዱ ደግሞ ዩ የሚባለው እንጨት ከሌለ ደጋን የለም ይላል። እርግጥ በ1545 ከሰጠመችውና በ1982 ከባሕር ከወጣችው ሜሪ ሮዝ መርከብ የተገኙት ደጋኖች ከዩ ነበሩ። ዴንማርክ ውስጥ ሆልሜጎር ረግረግ የተገኙት ግን ዕድሜያቸው ከእነርሱ በብዙ ሺህ ዓመት ይበልጣል፤ እንጨታቸው ኤልም ነው። ኦክህን አትናቅ።

ጀማሪ

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመለስሁ። ማጠፊያዋን ሳልነካ ሌላውን ሁሉ አወረድሁ። አሁን ሁለቱ ክንፎች እኩል ይታጠፋሉ፤ በ66 ሴንቲ ሜትር 14 ኪሎ ነው። አውታሩ ሲወልቅ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉብጠት ይቀርበታል። ይህ ብዙ ነው? በእሳት አሙቄ ላቃናው?

አሮጌ አናጢ

ለመጀመሪያ ሥራ 3 ሴንቲ ሜትር ምስጋና ነው። ከ5 ቢያልፍ ኖሮ አዝን ነበር። እሳቱን ተወው። ይልቅ ዘይት ከመቀባትህ በፊት አንድ ሥራ አለህ፦ አውታሩ እንደታሰረ ጥጥ ይዘህ ጀርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ ጥረገው። ዓይን የማያየውን የተነሣ ስንጥር ጥጡ ይይዘዋል።

ጀማሪ

ጥጡ ላይኛው ክንፍ ላይ አንድ ቦታ ያዘ። ጥፍር የማታህል ስንጥር ናት።

ሞረድ

አውታሩን አሁኑኑ አውልቅ። ስንጥሯ ሥር ቀጭኑን ፈጣን ማጣበቂያ አንጠባጥብ፣ በጣትህ ሳይሆን በፕላስቲክ ተጫናት፤ ሲደርቅ በሁለቱም በኩል ሁለት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር አሳልፈህ በስስ ክር ጥቅጥቅ አድርገህ ጠቅልለው፤ ክሩንም ኮላ አጠጣው። አንድ ቀን አሳድረው። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ጀምረህ ቀስ እያልህ ሳበው፤ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አቁመህ ጥጡን ደግመህ አስነካው። ስንጥሯ ከጥቅሉ ውጭ ከረዘመች አትተኩስበት። ባለችበት ከቆመች ግን ፍላጻ መሥራት ጀምር።