የሚሸተትና የሚዳሰስ አትክልት ቦታ፦ የድምፅ ማብራሪያው በስልክ ይሁን ወይስ በሚጫን በተን?

ወለላ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ 12 ማረፊያ ያለው፣ በሽታና በዳሰሳ የሚጎበኝ አትክልት ቦታ እየተሠራ ነው። ጠጅ ሳር፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ አሪቲ፣ ናናና የሥጋ መጥበሻ ተተክለዋል። የሚመጡት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች፣ አዛውንቶችና የዊልቸር ተጠቃሚዎች ናቸው። በየማረፊያው ኪውአር ኮድ ለጥፈን ድምፅ በስልክ እናሰማ ብለን ነበር፤ ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ስማርት ስልክ የሌለውም ብዙ ነው። አንዱ ቅጂ ስንት ደቂቃ ይሁን? መሣሪያውስ ምን ቢሆን ይሻላል?

ነጭ በትር
ወለላ፣ ከመሣሪያው በፊት ማረፊያው ራሱ መገኘት አለበት። መንገዱ ጠጠር ከሆነ ማረፊያው ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ፤ በትሩ ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል። ኮዱ የሚለጠፍባቸው ምሰሶዎች ሁሉ በመንገዱ አንድ ጎን፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ ይቁሙ። ከመሬት 1 ሜትር አካባቢ ከሆነ ቆሞ ለሚመጣውም በዊልቸር ለሚመጣውም ይደርሳል።

ኪውአር ብቻውን አይበቃም፤ የት እንዳለ የማያይ ሰው ካሜራ ሊያነጣጥርበት አይችልም። ኤንኤፍሲ ተለጣፊ (ስልክ ሲጠጋው ሊንክ የሚከፍት ቺፕ ያለበት) ጨምሩ፣ ዙሪያውንም በጣት የሚታወቅ ቀለበት አድርጉበት። ኤንታግ213 የሚባለው ርካሹ 144 ባይት ስለሚይዝ ለአንድ ሊንክ ይተርፋል። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። የብረት ምሰሶ ላይ ተራው ተለጣፊ አይሠራም፣ ፌራይት (ከብረቱ የሚለየው መግነጢሳዊ ንጣፍ) ያለው መሆን አለበት። ካልቆለፋችሁት ደግሞ ማንም በስልኩ ሌላ ሊንክ ይጽፍበታል። አይፎን የሚያነበው በላይኛው ጫፉ ነው፣ አንድሮይድ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው መሃል፤ ይህን የመግቢያው ቅጂ ይናገረው። ከአይፎን ኤክስኤስ (2018) ወዲህ ያሉት ያለ አፕ ያነባሉ።

ገጹ ሲከፈት ድምፁ በራሱ አይጀምር። ቶክባክ ወይም ቮይስኦቨር (ስክሪኑን ለዓይነ ስውራን ጮክ ብለው የሚያነቡት የስልክ ፕሮግራሞች) እያነበበ ሳለ ሁለት ድምፅ ይደራረብና አንዱም አይሰማም። የቅጂው ሙሉ ጽሑፍ ከታች ይቀመጥ፣ መስማት ለተሳናቸው።

ለኔትወርኩ፦ 75 ሴኮንድ ድምፅ በሞኖ (በአንድ ቻናል) በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ቢቀመጥ 600 ኪሎባይት ነው፤ አሥራ ሁለቱም 7 ሜጋባይት ገደማ። ገጹን በሰርቪስ ወርከር (ፋይሎቹን ስልኩ ላይ በሚያስቀምጥ ኮድ) ከሠራችሁት በር ላይ አንዴ ወርዶ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

ማይክ በእጅ
ርዝመቱ ከ60 እስከ 75 ሴኮንድ ይበቃል። ተረጋግቶ ሲነበብ 100 ቃል ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ እጁ ሥራ ይፈታል፣ ጆሮውም ይደክማል።

ጽሑፉ በእጅ ይጀምር፣ በታሪክ አይጀምር። ለምሳሌ ጠጅ ሳር፦ «ከፊትዎ ወገብዎ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ መደብ አለ። ጠርዙን ይያዙና ቀኝ እጅዎን ወደ ውስጥ ይዘርጉ። ረጅም፣ ቀጭን ቅጠል ያገኛሉ። ከሥሩ ወደ ጫፉ ይደባብሱት፤ ከጫፉ ወደ ሥሩ ከሄዱ ጠርዙ ይቆርጣል። አሁን ጣትዎን ያሽትቱ።» ከዚያ አራት ሴኮንድ ዝም በሉ። ያ ዝምታ ከጠፋ ጎብኚው ገና እያሸተተ ተራኪው ወደ ሌላ ነገር ያልፋል።

«እርስዎ» በሉ፣ ወንድ ሴት ከመለየት ያድናችኋል። «እዚያ ጋ»ና «እንደምታዩት» ይውጡ። አቅጣጫ በሰዓት ቁጥርም አትንገሩ፤ እኛ ዘንድ ሰዓቱን በአገርኛም በፈረንጅም የሚቆጥር ስላለ ያምታታል።

አበባ የሚጠቅሰውን ክፍል ለብቻው ቅረጹ። የመስከረሙ አደይ በጥር ሲተረክ ያስቃል። ቀረጻው በብርድ ልብስ በታፈነ ክፍል፣ ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ ይሁን። ውጭ ከተቀዳ ነፋሱን በኋላ ማጥፋት አይቻልም።

ሽያጭና ሽቦ
ስልክ ለሌለው በተን ያለው ሣጥን ሥሩ። ዲኤፍፕሌየር ሚኒ (ከሚሞሪ ካርድ ድምፅ የሚያጫውት ትንሽ ሰሌዳ)፣ 3 ዋት 8 ኦም ስፒከር፣ 18650 የሚባለው ዳግም የሚሞላ ባትሪ አንድ ከነቻርጀር ሰሌዳው፣ አንድ ትልቅ በተን። አርዱኢኖ (ፕሮግራም የሚጻፍበት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) አያስፈልግም፤ የሰሌዳውን ኤዲኪ1 (ADKEY1) የሚለውን እግር በበተኑ በኩል ከግራውንድ (GND) ጋር አገናኙት፣ የመጀመሪያውን ፋይል ያጫውታል። ካርዱ በፋት32 (FAT32) ፎርማት ይደረግ፣ ከ32 ጊጋባይት አይብለጥ፣ አንድ ፋይል ብቻ ይኑርበት። ከማክ ኮምፒውተር የተገለበጠ ካርድ ድብቅ ፋይል ይዞ ስለሚመጣ «አይጫወትም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ሣጥኑ ዝም ብሎም 20 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል፣ በቀን ወደ 480 ሚሊአምፔር ሰዓት። 2500 የሚይዝ ባትሪ በአምስተኛው ቀን ያልቃል፤ ማታ ማጥፊያ አድርጉለት። ስፒከሩ ፊቱ ወደ ታች ይዙር፣ ክረምት ላይ ውኃ አይቋጥርም።

ወለላ
አመሰግናለሁ፣ በተኑንም ኤንኤፍሲውንም እናደርጋለን። ጤና አዳም ላይ «ቅጠሉን ጨፍልቀው ያሽትቱ» ብለን ጽፈን ነበር፣ ችግር አለው?

ዳማ ከሴ
አለው እህቴ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል፤ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው ውኃ የሚቋጥረው፣ ስለዚህ ማንም ከጉብኝቱ ጋር አያያይዘውም። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ለዚህ በቂ ነው። ከእጅ አርቁና ከመደቡ ጀርባ ትከሉት። በሚጎበኝበት ሰዓት አንድ ቀንበጥ ቀዳዳ ክዳን ባለው ብልቃጥ አኑሩ፣ ቅጂው «ብልቃጡን ወደ አፍንጫዎ ያስጠጉ» ይበል። ብልቃጡን በየቀኑ ካልቀየራችሁት ቅጠሉ ይሻግታል። መጨፍለቅ የሚፈቀድለት ከፈለጋችሁ ናናንና በሶብላን ከፊት አድርጉ፤ በተቀጠፉ ቁጥር ይበዛሉ።