ስክሪን አንባቢዬ የማያነበው አዲስ ፕሮግራም፦ ጥያቄዬን እንዴት ላቅርብ?

ዓይነ ስውር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ባለፈው ወር ያስገባውን አዲስ ፕሮግራም ስክሪን አንባቢዬ (በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ መሣሪያ) «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር» እያለ ብቻ ያነበዋል፤ የትኛው «መዝግብ»፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ አይለይም። አንድ ቀን የጠዋት ሥራዬን በሙሉ ሰረዝኩት! አለቃዬ «ወደ ስልክ ማንሳት ሥራ ብትዛወር ይሻልሃል» አለኝ፤ ውለታ የዋለልኝ መስሎት። እኔ ግን የለመድኩትን ሥራዬን ነው የምፈልገው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 27፣ በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው ሥራውን እንዲሠራ የሚያስችል ማስተካከያ፣ እንዲደረግ ይላል። ገደቡም በአሠሪው ላይ ያልተመጣጠነ ሸክም አለመጫኑ ነው። ጥያቄዬን በጽሑፍ ላቀርብ ነው፤ ስለ ዓይነ ስውርነቴ ምን ያህል ልግለጽ? ሌላ መፍትሔ ቢያቀርቡልኝስ ሳልሞክረው እንቢ ማለት ያስወቅሰኛል? በዚህ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ደብዳቤያችሁን እንዴት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።