ክርክር፦ ጥርጊያውን ያጸዳ ክለብ «አትዝጉብኝ» የማለት መብት አለው?

ክሪክ፦
ጉዳዩን ላስረዳ፣ ከዚያ ተናገሩ። የኛ የፎር ዊል ክለብ በጫካው ጥርጊያ ላይ የጽዳት ቀን ጠርቷል። በበጎ ፈቃድ ነው። ጆንያና ጓንት ከክለቡ፣ ጉልበት ከአባላቱ። ቦታውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥርጊያውን ለመኪና ልዘጋው ነው እያለ ነው፤ ከሚያነሳቸው ምክንያቶች አንዱ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ እናጸዳለን፣ የሰበሰብነውን እንመዝናለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከደብዳቤ ጋር አያይዘን «ጠባቂዎቹ እኛ ነን፣ አትዝጉት» ብለን እናስገባለን። ይህን ስናገር አንዳንዱ «ጉቦ ነው» አለኝ። ምኑ ነው ጉቦ? ያጸዳ ሰው ክፍት ይሁንልኝ ብሎ ቢጠይቅ ነውሩ ምንድነው?

ባለእግሩ፦
ነውር አይደለም፣ ግን ያስቃል። እኔ ያንን ጥርጊያ የማውቀው በእግሬ ነው። ቆሻሻው ምን ምን እንደሆነ አይታችኋል? የተተረተረ ጎማ፣ ፍራሽ፣ የሞተር ዘይት ጄሪካን፣ የተሰበረ ፓራውልት። ይሄን በጀርባው አዝሎ ዳገቱን የወጣ እግረኛ ካለ አሳዩኝና ጫማውን ልሳም። በመኪና የመጣ ነገር ነው። በመኪና ያመጣችሁትን በመኪና ስትመልሱ ጭብጨባ መጠበቃችሁ ነው የገረመኝ።

ክሪክ፦
«ያመጣችሁትን» ስትል ማንን ነው ወንድሜ? ፍራሽ የሚጥለው የክለብ አባል አይደለም። ሌሊት በፒክ አፕ መጥቶ ገልብጦ የሚሄድ ሰው ነው። የክለብ ሰው ስሙም ታርጋውም ይታወቃል፣ ቢጥል ያፍራል። ጥርጊያው ሲዘጋ ከመግባት የሚቀረው ማን ይመስልሃል? እኛ ነን፣ ደንብ ስለምናከብር። ያኛው ሰንሰለቱን ቆርጦ ይገባል። ያኔ ደግሞ የሚያየው ዓይን እንኳ የለም።

ሦስተኛ ማርሽ፦
እዚህ ላይ ክሪክ እውነቱን ነው። ፍራሽ የሚጣለው ሰው ዝር በማይልበት ቦታ ነው። «ቢጥል ያፍራል» ያልከውን ግን ተወው፣ አብረን ሄደን የምናውቀው ነገር አለ። ሃሃ።

ጋሽ ፍሪሲዮን፦
ልጆች፣ ይሄ ክርክር ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ትእዛዝ አወጡ፤ ዓመቱን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው። በመንግሥት መሬት ላይ ከመንገድ ውጭ የሚነዱ መኪኖች የት ይግቡ፣ የት አይግቡ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ይለዩ የሚል ነው። በ1977 ካርተር አጠበቁት፤ መኪናው ከባድ ጉዳት እያደረሰ ከሆነ ቦታው ወዲያው ይዘጋ አሉ። ጉዳት ሲሉ ደግሞ በአፈር፣ በዕፅዋት፣ በአራዊት፣ በቅርስ ላይ ነው። ስለ ጠርሙስ አላነሱም። በ1985 የአገሪቱ የደን አገልግሎት «ትሬድ ላይትሊ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ፣ ነጂው መሬቱን ሳይጎዳ እንዲነዳ ለማስተማር፤ በ1990 ራሱን ችሎ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። በ2005 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ድሮ በብዙ ደኖች ውስጥ ካልተከለከልክ ትገባለህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለመኪና ተብሎ ካልተለየ አትገባም ሆነ። ክለቦች ያኔም ያጸዱ ነበር። ደንቡ መጥበቁን ጽዳት አላስቀረውም።

ክሪክ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን ሩቢኮንንም ይጨምሩበት እንጂ። ካሊፎርኒያ ያለው፣ ፎር ዊል የሚወድ ሁሉ የሚያልመው ጥርጊያ። በ2009 የውሃ ጥራት ቦርዱ ጥርጊያው ላለበት ለኤልዶራዶ ካውንቲ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር፣ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ፤ ወደ ውሃው የሚገባው ደለል፣ የሚፈሰው ዘይትና ነዳጅ፣ የሰው ዓይነ ምድር መላ ይበጅለት ብሎ። ያኔ «በቃ አለቀለት» ያለው ብዙ ነው። አላለቀለትም። በጎ ፈቃደኛው ከካውንቲው ጋር ሆኖ ውሃ መውረጃውን አስተካከለ፣ የመጸዳጃውን ነገር መልክ አስያዘ፣ ነጂው ዘይት መምጠጫ ይዞ እንዲገባ ተደረገ። ዛሬም መኪና ይሄድበታል። እና በጎ ፈቃድ ዋጋ የለውም አይበሉኝ።

አፈር አጥኚዋ፦
ክሪክ ወንድሜ፣ ሩቢኮንን ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ የረታኸው ግን ራስህን ነው። ትእዛዙ ስለ ደለል፣ ስለ ዘይትና ስለ ዓይነ ምድር ነው አልክ። ሰዎቹም ውሃ መውረጃ አስተካከሉ አልክ። የናንተ ፕሮግራም ላይ ስለ ውሃ መውረጃ አንድ መስመር አለ? እኔ አላየሁም። ጆንያ፣ ጓንት፣ ምሳ፣ ፎቶ።

ከቁልቁለቱ በታች ያለችውን ኩሬ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ዝናብ ሲጥል ጥርጊያው መሃል ላይ ውሃ ይቋጥራል። የመጀመሪያው ነጂ ላለመስመጥ በግራ በኩል ሣሩ ላይ ወጥቶ ያልፋል። ሁለተኛው ያንን ዱካ አይቶ ይከተላል። እሱም ጭቃ ይሆንና ቀጣዩ ይበልጥ ወደ ግራ ይወጣል። አሁን ሄዳችሁ ብታዩት፣ አንድ መኪና ያሳልፍ የነበረው ቦታ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያቆማል። ዳር ላይ የነበረው ዛፍ አሁን መሃል ገብቷል፣ ሥሩ በጎማ ተልጦ ነጭ እንጨቱ ወጥቷል። እዚያ ቦታ ላይ አንድም ፌስታል የለም። ለፎቶ ንጹሕ ነው።

ሦስተኛ ማርሽ፦
ኧረ እህቴ፣ ጭቃ ደግሞ ይደርቃል እኮ። አንዴ ስለተገባበት ምን ይሆናል?

አፈር አጥኚዋ፦
ችግሩ እሱ «አንዴ» የምትለው ነው። እርጥብ አፈር ጎማ ሲያልፍበት ይታመቃል፤ ከጉዳቱ አብዛኛው ደግሞ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው። የታመቀ አፈር ውሃ አያሰርግም፣ ስለዚህ ዝናቡ የጎማውን ቦይ ይዞ ቁልቁል ይሮጣል፣ ያገኘውን አፈር እየጠረገ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል፣ ቦዩም በየዝናቡ እየጠለቀ ይሄዳል። ሲደርቅ ደግሞ ቅርጹን እንደያዘ ነው የሚደርቀው። አሜሪካ ውስጥ በሞሃቪ በረሃ የጦር አዛዡ ጄኔራል ፓተን ከ1942 ጀምሮ ጦር ያሠለጠነበት ቦታ አለ፤ የታንኮቹ ዱካ ዛሬም ይታያል። ጠርሙስ ይነሳል። ያንን በየትኛው ጆንያ ታነሱታላችሁ?

ሦስተኛ ማርሽ፦
የኔ መኪና ታንክ ሆነች ማለት ነው? ተመስገን፣ ዋጋዋ ጨመረ።

አፈር አጥኚዋ፦
በዚያ በረሃ ለመጉዳት ታንክም አያስፈልግም። አፈሩን የያዘው ከጥቃቅን ሕያዋን የተሠራ ስስ ቅርፊት ነው፣ በጫማም ይሰበራል፣ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። የኛ ጫካ በረሃ አይደለም፣ ቶሎ ያገግማል። ግን ረፍት ካገኘ ነው። በነገራችን ላይ የጎማውን ንፋስ የሚቀንስ ነጂና የማይቀንስ ነጂ ለአፈሩ አንድ አይደሉም። ንፋሱ ቀነስ ሲል ጎማው ይተኛል፣ ክብደቱ ይሰፋል፣ ባዶ መሽከርከሩ ይቀንሳል። መንገድ ሲጨርስ መልሶ ይሞላል። ለኔ ይህን ያስለመደ ክለብ መቶ ጆንያ ከሞላ ክለብ ይበልጥብኛል።

ባለእግሩ፦
እና መፍትሔው ግልጽ አይደለም እንዴ? ይዘጋ። በእንግሊዝና ዌልስ በ2006 በወጣ ሕግ ከብዙ የገጠር ጥርጊያዎች ላይ የሞተር ተሽከርካሪ የማለፍ መብት ተነሥቷል። አይስላንድ ውስጥ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ጭራሽ በሕግ ክልክል ነው፤ መሬቱ በብርድ ጠጥሮ በረዶ ሲሸፍነው ካልሆነ በቀር። እዚያ በጎ ፈቃደኛ ሲወጣ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ? ጥርስ ያለው መቧጠጫ ይዞ የጎማ ዱካ እያጠፋ ነው የሚውለው። ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ። እሱን ጽዳት እላለሁ።

ጋሽ ፍሪሲዮን፦
አንተ ልጅ፣ «ይዘጋ» ማለት ጉልበት ላለው ይቀላል። የኔ ጉልበት ደረጃም አይወጣም። ያንን አናት ላይ ያለውን ሜዳ የማየው መኪና ስላለኝ ነው። በክራንች የሚሄድ አለ፣ ሕፃን ያዘለች እናት አለች። ቃጠሎ የተነሣ እንደሆነ፣ ሰው የተሰበረ እንደሆነ የሚገባውም በዚሁ ጥርጊያ ነው፤ ተዘግቶ ሣርና ግንድ ከዋጠው ማንም አይደርስም። ይዘጋ ከማለትህ በፊት መቼ፣ ለማን፣ እስከ የት የሚለውን ተናገር።

ባለእግሩ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ እርስዎን ብዬ አይደለም። እርስዎ በዝናብ ማግስት ዳገት ላይ ጎማ እያሽከረከሩ ቪዲዮ የሚቀርጹ አይመስለኝም።

ጋሽ ፍሪሲዮን፦
ድሮ ቪዲዮ አልነበረም እንጂ…

ክሪክ፦
ሃሃ ጋሼ! እሺ፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽዳቱን እንዲህ ባታናንቁት። በ1990 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የሮበርት ቻልዲኒና የባልደረቦቹ ጥናት አለ፤ ሰው የቆሸሸ ቦታ ላይ ሲሆን እሱም ይበልጥ ይጥላል፣ ንጹሕ ከሆነ ይቀንሳል። ጥናቱን ያላነበበ ሰው እንኳ ያውቀዋል ይሄን። ዛሬ ያነሳነው ፍራሽ ነገ ሊጣሉ የነበሩትን ፍራሾችም ያስቀራል። ይሄ ለኛ አይቆጠርም?

አፈር አጥኚዋ፦
ይቆጠራል። እሱን የካደ የለም። ግን «እንመዝናለን» ያልከው ላይ ቅር ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሚዛን ሰውን ወደ ከባድ ነገር ይመራዋል። ምሳ የሚበላበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያለውን የእሳት ክብ ውሰድ። ከላይ ሲታይ አመድ ብቻ ነው። በእንጨት ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ የተጨማደደ ፎይል፣ የቢራ ክዳን፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ቀልጦ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ላስቲክ ይወጣል። ዙሪያው ሲጋራ ቁራጭ ነው። ፊልተሩ ጥጥ ይመስላል እንጂ ሴሉሎስ አሴቴት የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም። ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ግማሽ ቀን ሲለቅም ቢውል ሚዛኑ ላይ ንቅንቅ አይልም። ጓደኛው አንድ ጎማ በዊንች ጎትቶ ሃያ ኪሎ አስመዘገበ። ማን ተጨበጨበለት?

ሦስተኛ ማርሽ፦
ዊንች ካነሳሽ አይቀር፣ ገመዱን በቀጥታ ዛፍ ላይ የሚጠመጥሙትንም ተናገሪልን። ሰፊው ቀበቶ የተሠራው ለዚህ ነበር። ቆሻሻ ልናነሳ ሄደን ዛፍ ልጠን እንዳንመለስ።

ባለእግሩ፦
ይሄኛውን ሰው እየወደድኩት መጣሁ።

ክሪክ፦
እሺ። እሺ አልኩ። ታዲያ ደብዳቤው ላይ ምን ልጻፍ? «ምንም አንጠይቅም፣ እናጸዳለን፣ ዝጉት» ልበል? አባላቱን በዚህ አፍ ማን ያስወጣቸዋል? ሰው ቅዳሜውን ሰጥቶ፣ ነዳጅ ከኪሱ ሞልቶ፣ ሲጋራ ቁራጭ ሲለቅም ውሎ፣ ለቦታው አንድ ቃል የመናገር መብት ከሌለው ለምን ይመጣል?

አፈር አጥኚዋ፦
መብት አለህ። ጠይቅ። እኔ የምለው ጥያቄህን የምታስርበት ነገር ይቀየር ነው። «ይህን ያህል ኪሎ አነሳን፣ ስለዚህ ክፈቱልን» ካልክ የሚያነበው ሰው በአፈሩ ይመልስልሃል፣ አንተም መልስ የለህም። ይልቅ እንዲህ በል፦ ጥርጊያው ሲረጥብ እኛ ራሳችን አንገባም። በኩሬዋ ዙሪያ የተከፈቱትን መሽሎኪያዎች በግንድና በድንጋይ ዘግተን ዋናውን ብቻ እንተዋለን፤ እናንተ የት እንደሚቆፈር አሳዩን፣ ውሃ መውረጃውን በጉልበታችን እንሠራለን። እያንዳንዱ መኪና ዘይት መምጠጫ ይይዛል፣ የሚያንጠባጥብ መኪና ከመነሻው ይመለሳል። ጽዳቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ አንቀጽ ይግባ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።

ባለእግሩ፦
እርጥብ ሲሆን አይገባም የሚለው ካለበት እኔም እፈርማለሁ፤ እግረኛ ነኝ ብዬ። ከሌለበት ግን ተቃራኒውን ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ከአሁኑ ልንገርህ።

ሦስተኛ ማርሽ፦
የሚያንጠባጥብ ይመለስ ከተባለ ግማሹ ክለብ መነሻው ላይ ይቀራል። የኔዋ ካምቢዮዋ ትንሽ ታለቅሳለች። «ትንሽ» ስንት ጠብታ ነው?

ጋሽ ፍሪሲዮን፦
ካርቶን ሥሯ አንጥፈህ ሌሊቱን አሳድራት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ዘይት ካየህ ትመለሳለች። ጎማኒዋን፣ ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ፣ ቀይርላት፣ ይሄን ያህል አያከራክርም።

ክሪክ፦
በቃ፣ የመጀመሪያውን ነጥብ አሁን ለአባላቱ ላክሁት። የጽዳቱ ቀን ዋዜማ ዝናብ ከጣለ መኪና መግቢያው ላይ ይቆማል፣ በእግር ነው የምንገባው አልኩ። አንዳንዱ ወዲያው «እሺ» ብሏል። አንዳንዱ ደግሞ «በእግር ከሆነማ እኔ ምን ላደርግ እመጣለሁ» ብሎ መልሷል።

ጋሽ ፍሪሲዮን፦
እነሱን ደብዳቤው ላይ አታስፈርማቸው።

ክሪክ፦
ጋሼ፣ አንዱ እኮ የክለቡ ሊቀመንበር ነው።

ባለእግሩ፦
በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ እሱን አሳምነህ ና።