ሃርድ ዲስኩ «ፎርማት ይደረግ?» ይላል፤ ውስጡ ያለውን እንዴት ላውጣ?

ታንኳ_ፎቶ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነው። 1 ቴራ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት)፣ 640 ጊጋ ያህል ተይዟል፦ የሰርግ ቪዲዮ፣ ጥምቀት፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የተነሡ የግድግዳ ሥዕሎች። ከዴስክቶፑ ቪዲዮ እየተገለበጠበት ሳለ መብራት ሄደ። ሲመጣ ዊንዶውስ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርገው» አለ፤ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ «ሮው» (አደረጃጀቱ ያልታወቀ) ይላል። የዊንዶውሱ የዲስክ ስሕተት አራሚ ቼክዲስክም «ለሮው አልሠራም» ብሎ ተወው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የለውም፣ ግን ሲሰካ አልፎ አልፎ ይንቀረፈፋል። አንድ ጥገና ቤት «ፎርማት አድርገን በሶፍትዌር እናወጣዋለን» አሉኝ። ልስጣቸው?

ጢስ_ዓባይ፦
እንዳትሰጥ። ፈጣኑ ፎርማት እንኳን አዲስ የፋይል መዝገብ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አሮጌው በጀመረበት ቦታ ላይ ነው፤ የፋይል ስምና የፎልደር ዝርዝር ያለው ደግሞ እዚያ ነው። «ፈጣን» የሚለውን ምልክት በስሕተት ካነሱት የባሰ ነው፦ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣልህም። ቼክዲስክ እምቢ ማለቱም እሰየው ነው። ቢሠራ የተበላሸ ያለውን መዝገብ እየቆረጠ «ፋውንድ 000» የሚል ፎልደር ውስጥ ስም የሌለው ቁርጥራጭ ይከምርልህ ነበር።

መብራት ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ቡት ሴክተሩ (የፓርቲሽኑ፣ ማለትም የዲስኩ ክፍል፣ አወቃቀር የተጻፈበት የመጀመሪያ ቁራጭ) ወይም የመዝገቡ መጀመሪያ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የቡት ሴክተሩን ቅጂ በፓርቲሽኑ የመጨረሻ ሴክተር ላይ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ተስፋ አለ። እኔን ያሳሰበኝ «ይንቀረፈፋል» ያልከው ነው። የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ ክፈተውና 05 (የተተኩ ሴክተሮች)፣ ሲ5 (በጥርጣሬ የተያዙ) እና ሲ6 (ሊነበቡ ያልቻሉ) መስመሮች ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍልን። ሌላ ምንም አትንካ።

ታንኳ_ፎቶ፦
05 ዜሮ ነው። ሲ5 እና ሲ6 ሁለቱም 30 ይላሉ።

ጢስ_ዓባይ፦
ያ ፕሮግራም ካልቀየርከው በቀር ቁጥሩን በሄክሳ (በ16 መሠረት ቁጥር) ነው የሚያሳየው፤ 30 ማለት 48 ነው። 48 ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች አሉ። ስለዚህ ጥገናው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ይሁን።

2 ቴራ ባዶ ዲስክ ፈልግ። ኢሜጁ (ዲስኩ እንዳለ የሚገለበጥበት ፋይል) ሙሉ 1 ቴራ ይወስዳል፤ 640 ብቻ አይደለም፣ ባዶውም ቦታ ይገለበጣልና። የሚወጡት ፋይሎችም ቦታ ይፈልጋሉ። የመድረሻው ዲስክ አደረጃጀት ፋት32 ከሆነ አይሆንም፣ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኡቡንቱን (ነፃ የሊኑክስ ሲስተም) ከፍላሽ አስነሣ፣ ከተጎዳ ዲስክ የሚገለብጠውን «ጂዲዲሬስኪው» የተባለውን ፓኬጅ ጫን። ትእዛዙ ራሱ ዲዲሬስኪው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ምንጭ፣ ኢሜጅ ፋይል፣ ማፕ ፋይል (የተነበበውና ያልተነበበው የሚመዘገብበት)። ምንጩ ሙሉው ዲስክ ይሁን፣ ፓርቲሽኑ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ዙር በ«ሰረዝ ዲ» እና «ሰረዝ ኤን» አስኪደው፦ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ለጊዜው ይዘለዋል። ሁለተኛውን ያለ «ኤን»፣ በ«ሰረዝ አር 3» (ያልተነበበውን ሦስት ጊዜ እንደገና ይሞክራል)፣ በዚያው ማፕ ፋይል። «ሰረዝ ኤፍ ጨምር» ካለህ መድረሻ ያደረግከው ፋይል ሳይሆን ዲስክ ነው፤ ቁምና ስሙን እንደገና እይ።

ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ሰካው። በሴኮንድ 100 ሜጋ ከሄደ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዩኤስቢ 2፣ በ30 ሜጋ፣ ከ9 ሰዓት ይበልጣል።

ሽንብጥ_07፦
በዚህ በሐምሌ መብረቅ 9 ሰዓት ሙሉ መብራት ይኖራል ብለህ አትመን፣ በላፕቶፕ ሥራው። መድረሻው ዲስክ የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዓይነት ከሆነ ግን ላፕቶፑ ቢቆይም እሱ ይጠፋል፤ ከዩኤስቢ ብቻ የሚሠራውን ትንሹን ያዝ፣ ወይም አዳፕተሩን ዩፒኤስ ላይ አድርገው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ማፕ ፋይሉ ላይ ነው፦ ከፍላሽ የተነሣ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ካስቀመጥከው ያለው ራም ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከኢሜጁ ጎን አስቀምጠው። ያኔ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግም ካቆመበት ይቀጥላል።

ጢስ_ዓባይ፦
ልክ ነው። ኢሜጁ ሲያልቅ ዋናውን ንቀለውና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው። ፓርቲሽን የሚጠግነውን ቴስትዲስክን በኢሜጁ ላይ ክፈት፣ አድቫንስድ፣ ፓርቲሽኑን ምረጥ፣ ቡት። የመጀመሪያው «ባድ»፣ ቅጂው «ኦኬ» ካለ ባክአፕ ቢኤስን ምረጥ (የቡት ሴክተሩን ቅጂ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል)። ሁለቱም ባድ ከሆኑ ሪቢልድ ቢኤስ (እንደ አዲስ ይሠራዋል)። ሁለቱም ደህና ሆነው ፎልደሩ ካልታየ ሪፔር ኤምኤፍቲ፤ ይህ የመዝገቡን የመጀመሪያ አራት መስመሮች ከመስታወት ቅጂያቸው ጋር ያስተያያል። ከዚያ ሊስት። ስሞቹ ከታዩ በ«ኤ» ሁሉንም ምረጥ፣ በትልቁ «ሲ» ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጥ።

ጣና_ዳር፦
የጠፋ ፋይል ፈላጊውን ፎቶሬክን የሚመክርህ አይጠፋም፤ የመጨረሻ አማራጭ አድርገው። መዝገቡን አያይም፣ የፋይሉን መነሻ ምልክት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ስምና ፎልደር የለም። ለጄፔግ ጥሩ ነው። የተበታተነ ትልቅ ኤምፒ4 ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። መብራት ሲሄድ በመገልበጥ ላይ የነበረውን ቪዲዮ እዚህ አትፈልገው፤ ኮፒ ከነበረ ዋናው ዴስክቶፑ ላይ አለ፣ በ«ከት» ቢሆንም ዊንዶውስ የሚያጠፋው ተገልብጦ ያለቀውን ነው።

ታንኳ_ፎቶ፦
ባክአፕ ቢኤስ ሠራ፣ ፎልደሮቹ ከነስማቸው ወጡ! ዲዲሬስኪው መጨረሻ ላይ ያልተነበበ 196 ኪሎባይት ብሎ ቀረ። የትኛው ፋይል እንደተጎዳ እንዴት ልወቅ? 9,000 ፎቶ አንድ በአንድ አልከፍትም።

ጢስ_ዓባይ፦
48 ሴክተር በ4,096 ባይት ነው፣ ይገጥማል። ዲዲሬስኪውን በ«ፊል ሞድ»፣ ከሰረዝ ምልክቱ (-፣ «ያልተነበበ» ማለት ነው) ጋር፣ በኢሜጁ ቅጂ ላይ አስኪድ፦ ያልተነበቡትን ቦታዎች በመረጥከው ቃል ይሞላቸዋል። ፋይሎቹን ከዚያ ኢሜጅ እንደገና አውጣና ቃሉን በግሬፕ (ፋይሎች ውስጥ ቃል የሚፈልግ ትእዛዝ) ፈልግ፤ የተጎዱትን በስማቸው ይዘረዝርልሃል። አንድም ካልወጣ ቀዳዳው ከወጡት ፋይሎች ውጭ፣ ምናልባት ባዶ ቦታ ላይ ነበር።