አልበም ላይ የተጣበቁ የመጀመሪያ ቀን ፖስታዎችን እንዴት ላላቅቅ?

ሰላም ለቴምብር ወዳጆች። በቅርሶች ላይ የወጡ የመታሰቢያ ቴምብሮችን እሰበስባለሁ። ከሌላ ሰብሳቢ በተረከብኩት አልበም ውስጥ የመጀመሪያ ቀን ፖስታዎች፣ ማለትም አዲስ ቴምብር በወጣበት ዕለት ተለጥፎባቸው የዚያው ቀን ማህተም ያረፈባቸው ፖስታዎች አሉ። ቴምብሩ፣ የወጣበት ቀን ማህተምና በስተግራ ያለው የቅርሱ ስዕል ጥርት እንዳሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ችግሩ አልበሙ ነው። ለፎቶ የተሠራ፣ ገጹ ሙጫ የተቀባና በላስቲክ የሚሸፈን ዓይነት ነው። ሙጫው ቢጫ ሆኗል፤ ፖስታዎቹም በጀርባቸው ድርቅ ብለው ተጣብቀዋል።

የጥርስ ክር ከሥር አስገብቼ በቀስታ ሳብኩ። ጠርዙ ላይ ሠራ፤ መሃል ሲደርስ ግን የፖስታው ወረቀት መላጥ ጀመረ። የፀጉር ማድረቂያም በትንሹ ሞከርኩ። ሙጫው ለሰለሰ፣ ነገር ግን ወረቀቱ ውስጥ እየሰረገ ቅባት የነካው አስመሰለው። ወዲያው አቆምኩ።

ውሃ ውስጥ መንከር ለተራ ያገለገለ ቴምብር ጥሩ ዘዴ ነው። እዚህ ግን የማህተሙ ቀለም ሊፈስ፣ ቴምብሩም ከፖስታው ሊለቅ ይችላል። ቴምብሩን ቆርጦ ማውጣት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ዋጋው ሙሉነቱ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ሲቀመጥ ሙጫው ተሰባሪ ሆኖ ይለቃል የሚሉ አሉ፤ እርጥበቱን ፈርቼ አልሞከርኩትም። ለጊዜው ገጾቹን አውጥቼ በመካከላቸው ከአሲድ ነፃ ወረቀት አድርጌያለሁ።

ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ማህተሙንና ቴምብሩን ሳይጎዳ ፖስታውን ከደረቀ ሙጫ ያላቀቀላችሁ ዘዴ የትኛው ነው?